ገንዳው ለሆቴል፤ ጉድጓዱ ለድኻ ልጅ



ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ወሬ እንሰማለን። በከተማችን ዳርቻ ድንጋይ ተፈልጦ በወጣበት ካባ ውስጥ የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል። ትምህርት ቤት ተዘግቷልና የሰፈር ልጆች ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይገባሉ፤ ከገቡትም መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ሳይመለሱ ይመሻል። ራዲዮኑ የሟቾቹን ዕድሜ ይናገራል፤ የእሳትና የአደጋ ሠራተኞች አስከሬኑን ማውጣታቸውን ይገልጻል፤ ቀጥሎም «ወላጆች ልጆቻችሁን ጠብቁ» የሚል ምክር ይነበባል። በነጋታው ሌላ ወሬ ይተካል። ክረምቱ ሲወጣ ጉድጓዱ ይደርቃል፤ የእኛም ሐዘን አብሮት ይደርቃል። በሚመጣው ሰኔ ደግሞ ጉድጓዱ እንደገና ይሞላል።

አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ልጁን እያሳሳቀ የወሰደው ውሃው ብቻ ነውን? ጉድጓዱን ቆፍሮ ድንጋዩን ሽጦ፥ ሳይደፍን ሳያጥር የሄደውስ? ለልጁ መዋኛ ሳያዘጋጅ «አትዋኝ» ብቻ ያለውስ? ሕፃን በሙቀት ቀን ውሃ አይቶ እንዲያልፍ ማዘዝ፥ የራበውን ሰው በዳቦ ቤት በር ላይ አቁሞ «አታሽትት» እንደማለት ነው። ትእዛዙ አይሠራም፤ አዛዡም እንደማይሠራ ያውቃል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ነገር አንድ ነው። የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ቅንጦት አይደለም። እንደ ጤና ጣቢያ፥ እንደ ትምህርት ቤት፥ እንደ ቤተ መጻሕፍት ያለ የሕዝብ ጥቅም ነው። ከሆቴል አጥር ወጥቶ ወደ ሰፈር መግባት አለበት።

ይህን ስንል የሚስቁብን አሉ። የሚያሳዝነውም ከሚስቁት ውስጥ ብዙዎቹ ለሕዝብ እንቆረቆራለን የሚሉ የራሳችን ጓደኞች መሆናቸው ነው። «ሕዝቡ የሚጠጣው አጥቶ እናንተ የሚዋኝበትን ትጠይቃላችሁ?» ይሉናል። ነገሩ ሲሰሙት ያማረ ነው፤ ያጨበጭቡለታል። ሆኖም ያማረ ንግግር ሁሉ የተመረመረ ሐሳብ አይደለም። እስቲ አብረን እንመርምረው።

በመጀመሪያ የጉዳዩን ክብደት እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰምጠው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ10 ሰዎች 9ኙ፥ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጡት፥ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከአራቱ አንድ ያህሉ ገና 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ በመስጠም መሞት የሀብታም ልጅ የመዝናኛ አደጋ አይደለም፤ የድኻ ልጅ ሞት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ነገሩ ከብዶት በዚያው በ2021 ዓመት ውሳኔ አሳልፎ፥ በመስጠም የሚደርሰውን ሞት ለመከላከል የሚታሰብ ቀን ሰይሟል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ይሆናል። ሐምሌ 18 ቀን ካባዎቻችን ምን ያህል ውሃ እንደሚይዙ ለማንም አዲስ አበቤ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከተማችን ታሪክ እንመለስ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በምን ምክንያት ነው? ወርቅ ተገኝቶባት አይደለም፤ የንግድ መንገድ ስለነበረችም አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተማዪቱ ስሟን አገኘች። ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ተከትለው ወረዱ። ዋና ከተማችን ከሙቅ ውሃ የተወለደች ከተማ ናት ማለት ነው። እስከዛሬም ቁርጥማት የያዛቸው አዛውንት ፍልውሃን መድኃኒት ነው ይሉታል።

በዓለም ላይ ከሙቅ ውሃ የተወለደች ሌላ ዋና ከተማ አለች። እርሷም የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ናት። የስሟ ትርጉም «የሚጤሰው ወሽመጥ» ማለት ነው፤ ጢስ የተባለውም ከምድር የሚወጣው የፍልውሃ እንፋሎት ነው። ሁለቱም አገሮች የምድር ቅርፊት በሚሰነጠቅበት መሥመር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ በስምጥ ሸለቆ ላይ ነን፤ እነርሱም በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በሚያልፈው ስንጥቅ ላይ ናቸው። ተፈጥሮ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ስጦታ ሰጥታናለች። ስጦታውን ምን አደረግነው? የሚለው ነው ጥያቄው።

አይስላንድ የዓሣ አጥማጆች አገር ነበረች። ወንዶቿ በየዓመቱ በባሕር ያልቁ ነበር፤ ብዙዎቹም ዋና ስለማያውቁ የሰመጡት ከባሕሩ ዳር ሆኖ በሚታይ ርቀት ላይ ነበር። ሚስቶቻቸው ቆመው ያዩ ነበር ማለት ነው። አገሪቱ በዚህ ነገር ዝም ብላ አላለቀሰችም። እ.ኤ.አ. በ1937 በሬይክያቪክ መካከል ትልቅ የሕዝብ መዋኛ አዳራሽ ከፈተች፤ በ1940 ደግሞ በትምህርት ቤት ዋና መማር ለማንኛውም ልጅ ግዴታ እንዲሆን በሕግ ወሰነች። ልብ በሉ፤ በዚያ ጊዜ አይስላንድ ሀብታም አገር አልነበረችም። ሕዝቧ 120,000 ያህል ነበር፤ ሪፐብሊክ የሆነችውም ከዚያ በኋላ በ1944 ነው። «እስክንበለጽግ እንጠብቅ» አላለችም። ዛሬ ወደ 400,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ከ120 የሚበልጡ የሕዝብ መዋኛዎች አሏት። ትንሹ የዓሣ አጥማጆች መንደር እንኳ የራሱ አለው።

እነዚያ ገንዳዎች ከሞት ማዳኛ ብቻ ሆነው አልቀሩም። በየገንዳው አጠገብ ሰው እስከ ደረቱ ገብቶ የሚቀመጥበት ትንሽ የሙቅ ውሃ መቀመጫ አለ። ማንም ሰው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቆ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ሚኒስትሩም ዓሣ አጥማጁም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ከታጠቡ በኋላ እዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ አየሩ፥ ስለ ግብሩ፥ ስለ ምርጫው ይከራከራሉ። ለእኛ ቡናው እንደሆነው ሁሉ ለእነርሱ ገንዳው የጎረቤት መገናኛ ነው። ሱፉና ክራቫቱ፥ ማዕረጉና መኪናው በር ላይ ይቀራል። በውሃ ውስጥ ሰው የሚለየው በሚያውቀው ዋና እንጂ በሚለብሰው ልብስ አይደለም።

እኛስ? እኛ ዘንድ «መዋኛ ገንዳ» ሲባል በሰው አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሂልተን ሆቴል አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ከምድር በሚወጣ ሙቅ ውሃ የሚሞላ ገንዳ ይዞ ተከፈተ። ሶደሬም፥ ወንዶ ገነትም፥ አምቦም ስማቸው የወጣው በዚሁ ከምድር በሚወጣ ውሃ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ለመድረስ መኪናና የሆቴል ሒሳብ ያስፈልጋል። ሆቴል ገንዳ ማበጀቱን አንነቅፍም፤ ሥራው ነው። የምንነቅፈው የሕዝብ አስተዳዳሪዎች ውሃው የሆቴል ሥራ ብቻ ነው ብለው መተዋቸውን ነው። ጥቂት የሕዝብ ገንዳ እዚህና እዚያ ቢገኝም፥ ለሚሊዮኖች ከተማ ጥቂት ማለት የለም ከማለት አይርቅም። እንግዲህ ከፍልውሃ የተወለደች ከተማ ልጆቿን ወደ ካባ ጉድጓድ ሰደደች።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን ወደሚያነሷቸው ነጥቦች እንግባ።

አንደኛው «ውሃ የለም» የሚለው ነው። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ቧንቧ ጠብቆ ሌሊት የሚነሣውን ሰው ፊት ይዞ የቆመ ክርክር ነው። ስለዚህ በቁጥር እንመልስ። ርዝመቱ 25 ሜትር፥ ስፋቱ 12.5 ሜትር፥ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 470 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር ወደ 23,500 ጀሪካን ነው። ብዙ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ገንዳ እንደ ባልዲ በየቀኑ አይደፋም። ውሃው በፓምፕ እየተሳበ በማጣሪያ እያለፈ፥ ክሎሪን እየተጨመረበት ተመልሶ ይገባል። በየቀኑ የሚተካው በፀሐይ የሚተነው፥ ማጣሪያው የሚታጠብበትና ንጽሕናውን ለመጠበቅ የሚጨመረው ብቻ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለአንድ ዋናተኛ ሊጨመር የሚገባው አዲስ ውሃ 30 ሊትር ያህል ነው። ይህም አንድ ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። አንድ ልጅ ዋና የሚማርበት፥ አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት ዋጋ አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ ነው።

ደግሞስ «ውሃ የለም» የሚለው ሰው ለምን ገንዳ ሲነሣ ብቻ ይጮኻል? በየመንገዱ መኪና በጎማ ቧንቧ ሲታጠብ ዝም ይላል። የሆቴሉ ሣር በበጋ ሲለመልም ዝም ይላል። በአደባባዩ የተሠራው ፏፏቴ በመብራት አሸብርቆ ሲረጭ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ለዓይን የተገኘ ውሃ ለነፍስ እንዴት ይታጣል? የመጠጥ ውሃ ይቅደም ማለት ተገቢ ነው፤ እኛም እንላለን። ነገር ግን ጀሪካን አዝላ አቀበት የምትወጣው እናት በእኛ ክርክር ውስጥ ሁለት ጊዜ አለች። ውሃ የጠማት እርሷ ናት። በካባ ውስጥ ልጇ የሰመጠባትም እርሷው ናት። አንዱን ችግሯን እያነሡ ሌላውን መካድ ለእርሷ መቆርቆር አይደለም።

ሁለተኛው «ዋና የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለእኛ ባህል አይስማማም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ጥር 11 ቀን ጎንደር ወርዶ አያውቅም ይሆን? በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ያ ትልቅ ገንዳ ለጥምቀት በቀሐ ወንዝ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ከተባረከ በኋላም ወጣቱ ሁሉ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል። አፄ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው። እንግዲህ ብዙ የአውሮፓ ከተማ የሕዝብ መዋኛ ሳያስብ በፊት እኛ ሕዝብ በአንድነት የሚገባበት በድንጋይ የተገነባ ገንዳ ነበረን። ቅዱስ ሥርዓት መሆኑን አንዘነጋም፤ ከመዝናኛ ጋር አናምታታውም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሕዝብ በአንድ ገንዳ መሰብሰቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጣና ዳር ታንኳ ቀዛፊው፥ በዓባይና በባሮ ዳር ያደገው ልጅ ዋናን ከማንም ፈረንጅ አልተማረም። ዋናን የረሳነው የከተማ ሰዎች ነን። የረሳነውም በከተማችን ውስጥ ወንዙን በቆሻሻ ስለሞላነው፥ ገንዳውንም በአጥር ስለዘጋነው ነው።

ባህልን በተመለከተ እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው። እርሱም ሴቶች እህቶቻችን ያለ ዕፍረትና ያለ ለካፊ የሚዋኙበት ሰዓትና ቦታ የማግኘታቸው ጥያቄ ነው። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ልጅ ወንዝ ዳር ሄዳ ከወንዶች ጋር መማር አትችልም። ስለዚህ ወንድሟ በድብቅም ቢሆን ዋና ሲማር እርሷ ሳትማር ትቀራለች፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን ጎርፉ ወንድና ሴት አይለይም። ግድግዳ ያለው፥ ለሴቶች የተለየ ሰዓት የተወሰነለት፥ ሴት አስተማሪ የተመደበለት የሰፈር ገንዳ ይህን ችግር ይፈታዋል። ወንዝና ካባ አይፈቱትም። ለባህል የሚቆረቆር ሰው ቢኖር ገንዳውን ለመጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ መሰለፍ የሚገባው እርሱ ነበር።

ሦስተኛው «ገንዳ እኮ አለ፤ መዋኘት የፈለገ ከፍሎ ይዋኝ» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ከስፖርት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የተወዳደረው ወጣታችን ሮቤል ኪሮስ ርቀቱን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰኮንድ ፈጸመ። ወርቁን ያገኘው አውስትራሊያዊ የጨረሰው በ47.58 ሰኮንድ ነበር። የዓለም ጋዜጦች በልጁ ሰውነት ተሳለቁ፤ ከእኛም ብዙ ሰው አብሮ ሳቀ። ሊሳቅ የሚገባው ግን በልጁ ነበርን? ከመቶ ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ ያላት አገር ዋናተኛ የምትመርጠው ከስንት ልጆች ነው? ገንዳ ከሚያገኙት ጥቂቶች ብቻ ነው።

በአንጻሩ ሩጫን ተመልከቱ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው፥ ከእርሱም በኋላ ስንትና ስንት ወንዶችና ሴቶች የተከተሉት በምን ምክንያት ነው? አየሩ ነው፥ ሳንባው ነው ይባላል፤ ይሁን። ነገር ግን አንድ የሚረሳ ምክንያት አለ። መንገዱ የሁሉ ነው። የበቆጂ ልጅ ለመሮጥ የመግቢያ ቲኬት አይቆርጥም። በሩ ክፍት የሆነለት ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ በሩጫ አሳይተናል፤ በሩ የተዘጋበት ሕዝብ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዋና አሳይተናል።

በሩ በምን ይዘጋል? በሕግ ሊዘጋ ይችላል፤ በዋጋም ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካኖች ሁለቱንም ሞክረውታል። በሚሲሲፒ ክፍለ አገር ጃክሰን የምትባለው ከተማ የሕዝብ መዋኛዎቿን ለነጭና ለጥቁር ለይታ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት መለየቱ ሕገ ወጥ ነው ሲባል ከተማዪቱ ገንዳዎቹን ለሁሉም ከመክፈት ይልቅ ለሁሉም መዝጋትን መረጠች። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1971 5 ለ4 በሆነ ድምፅ መዝጋቱን አጸደቀላት። እንዲህ በመሳሰለው መንገድ በብዙ ከተሞች የሕዝቡ ገንዳ ሲመናመን ገንዘብ ያለው ነጭ ወደ ግል ክበብና በጓሮው ወደ ቆፈረው ገንዳ ሄደ። ድኻው ነጭም ጥቁሩም ያለ መዋኛ ቀሩ። እስከዛሬም በዚያች ሀብታም አገር የጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚሰምጡት ከነጭ ልጆች በእጅጉ በሚበልጥ መጠን ነው። ውሃው አንድ ነው፤ ዋናን ያስተማረውና ያላስተማረው አጥር ነው ልዩነቱን ያመጣው።

በእኛ አገር ማንም ሰው «አንተ በዘርህ አትገባም» የሚል ሰሌዳ በገንዳ በር ላይ አልሰቀለም። ነገር ግን የአንድ ቀን መግቢያ ዋጋው ከአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ጋር የሚፎካከር ከሆነ፥ ሰሌዳው በቁጥር ተጽፏል ማለት ነው። ጽሑፉን ለማንበብ ፊደል መቁጠር እንኳ አያስፈልግም።

የገንዳ ጥቅም ግን ሞትን በመከላከል አያበቃም፤ ለኑሮም ነው። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ አንገቱ ድረስ ሲገባ ደግሞ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይቀርበታል። ይህን በሰው ላይ አስቡት። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ተሸክመው ጉልበታቸው ያለቀ እናት በየብስ ላይ የማይሆንላቸውን እርምጃ በውሃ ውስጥ ይራመዱታል። ነፍሰ ጡሯ ወገቧን ታሳርፋለች። በልጅነት ልምሻ እግሩን የያዘው ወጣት ክራንቹን ዳር አስቀምጦ ከሌላው እኩል ይሆናል። ልብን ለማጠንከር፥ ውፍረትን ለመቀነስ፥ የታመቀ ሐሳብን ለማስተንፈስ ዋናን የመሰለ ጥቂት ነው። ስኳርና የደም ብዛት በከተማችን እየበዙ ሄደዋል፤ በሽታው ሲመጣ ሆስፒታል የምንሠራ ከሆነ በሽታው ሳይመጣ ገንዳ መሥራት ለምን ቅንጦት ይባላል?

ለወጣቱስ? ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚሄድበት የሌለው ልጅ ምን ይቀረዋል? ጫት ቤቱና ድራፍት ቤቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ስልኩም በኪሱ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ለገንዳ ቦታ አጣሁ ሲል ማመን ይከብዳል። ሰፈር ማለት ሰው ጎን ለጎን የሚኖርበት ብቻ አይደለም፤ ተገናኝቶ የሚተዋወቅበት ነው። በእድርና በለቅሶ እንገናኛለን፤ መልካም ነው። በሕይወት እያለን የምንገናኝበት ቦታ መጠየቃችን ነውር ነውን?

አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ያልተጠበቀ ገንዳ ከጉድጓድ አይሻልም። ክሎሪኑ ካልተለካ የዓይንና የሆድ በሽታ ያዛምታል፤ ጠባቂ ካልቆመበት ሰው ይሰምጥበታል። ሪባን ተቆርጦ ከተመረቀ በኋላ ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫ የሚታጣለት፥ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ገንዳ አንፈልግም። የምንጠይቀው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛ፥ በጀትና ተጠያቂ ነው። በዚህ ሰበብ «አንችልም» የሚል ካለ ግን ቀበቶውን ይፈልግ እንጂ ሱሪውን አይጣል። የጤና ጣቢያ መድኃኒት ስለሚያልቅበት ጤና ጣቢያ አይሠራ ያለ ማንም የለም።

ገንዳው እስኪሠራ ድረስስ? ባንግላዴሽ ከሀብታም አገሮች የምትቆጠር አይደለችም፤ ልጆቿም በየኩሬው ይሰምጡ ነበር። እዚያ የተደረገው ነገር ቀላል ነው። በመንደሩ ኩሬ ውስጥ በቀርከሃ የታጠረ መድረክ ሠርተው፥ ከመንደሩ ሰዎች አስተማሪ አሠልጥነው፥ ከ4 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን መንሳፈፍን፥ ጥቂት ሜትር መዋኘትንና ሌላውን ማዳንን አስተማሩ። የተማሩት ልጆች የሚሰምጡት ካልተማሩት እጅግ ባነሰ ቁጥር መሆኑ ታይቷል። ቀርከሃ እኛም አለን። አስተማሪ ልንሆን የምንችልም በዚህ ግቢ ውስጥ አለን፤ ከመካከላችን በሐይቅና በወንዝ ዳር አድጎ የሚዋኝ ስንት አለ? የተማረ ሰው ለሕዝቡ ዕዳ አለበት እያልን በየስብሰባው እናጨበጭባለን። ይኸውና ዕዳው ተቆጥሮ በእጃችን ተሰጥቶናል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው የሚከተሉትን ነጥቦች ተወያይቶ እንዲያጸድቅና ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

1ኛ/ በየክፍለ ከተማው ቢያንስ አንድ የ25 ሜትር የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ይሠራ፤ ፍልውሃ በሚገኝበት አካባቢ የሚሠራው በዚያው ሙቅ ውሃ ይጠቀም። የልጆች መግቢያ ዋጋ ከከተማ አውቶቡስ ቲኬት አይብለጥ።

2ኛ/ ድንጋይ የወጣበት ማንኛውም ካባ ክረምት ሳይገባ ይደፈን ወይም ይታጠር። ወጪውን ድንጋዩን ሸጦ የተጠቀመበት ይክፈል፤ ሳይከፍልም አዲስ ፈቃድ አይሰጠው።

3ኛ/ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች እንግዳ በማይበዛባቸው የጠዋት ሰዓቶች ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የዋና ትምህርት በራቸውን የሚከፍቱበት ስምምነት ይደረግ።

4ኛ/ በየገንዳው ለሴቶች፥ ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ሰዓት ይወሰን፤ የሠለጠነ ነፍስ አዳኝም ሳይቆም ማንም አይግባ።

5ኛ/ ዋና የምናውቅ ተማሪዎች ስማችንን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግበን፥ ሥልጠና ወስደን፥ በክረምት ዕረፍት የሰፈር ልጆችን እናስተምር። ይህ አምስተኛው ነጥብ የማንንም ፈቃድና በጀት አይጠብቅም፤ ከነገ ጀምሮ የእኛ ነው።

አራቱን ነጥቦች ስናቀርብ «ይታሰብበታል» መባሉ አይቀርም። ይታሰብበት። እኛ ግን የሚታሰብበትን ጊዜ የምንቆጥረው በዓመት በጀት አይደለም፤ በክረምት ነው። አንድ ክረምት ባለፈ ቁጥር ሬሳ ከጉድጓድ ይወጣል፤ ያም ሬሳ የሆቴል ገንዳ ከሚያውቅ ቤት የወጣ ልጅ አይደለም። «ቅንጦት ነው» የሚለን ጓደኛችን ለዚያ ልጅ እናት ሄዶ ይንገራት፤ እርሷ ካመነችው እኛም እናምነዋለን።

ጉድጓዱ ይደፈን! ገንዳው ለሕዝብ ይከፈት!

አንድ የማኅበሩ አባል